ሁለት ከረጢቶች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰ አንድ አባት ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ የተኙትን ላለመቀስቀስ በቀስታ እየተራመደ ሳሎን ይገባል። ሌሊቱን በመጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሣና ሲያወርድ አድሯል። ከመተኛቱ በፊት ግን አንድ ልማድ አለው። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን ያጠፋል፤ የጨዋታውን መቆጣጠሪያ አንሥቶ በዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ወደተሠራ አንድ ግዙፍ የብረት በር ይሄዳል። እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። አዲስ ተጫዋች ከበሩ ብቅ ሲል መድኃኒት፣ የተጣራ ውሃና ጥቂት ጥይት መሬት ላይ ይጥልለታል። በዚህ ጨዋታ የተጣለ ዕቃ ትንሽ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ሆኖ ይታያል። አዲሱ ሰው ከረጢቱን ይከፍታል፤ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን ይቃኛል፤ አባትየው እጁን አውለብልቦ ሰላምታ ይሰጠዋል። ከዚያም ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ይተኛል።

ጨዋታው ፎልአውት 76 ይባላል። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 2018 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ በ2077 በተነሣ የኑክሌር ጦርነት ይጀምራል። ዓለም ወድማለች። ከመሬት በታች በተሠራ ቮልት 76 በተባለ መጠለያ ውስጥ የተረፉ ሰዎች ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2102፣ በሩን ከፍተው ይወጣሉ። የፈረሰችውን ዌስት ቨርጂኒያን መልሶ የመገንባት አደራም ተሰጥቷቸዋል። ተጫዋቹ በኢንተርኔት አማካይነት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ዓለም ይጋራል፤ ሲወጣ በአንድ ዓለም ውስጥ የሚገናኙት እስከ 24 ሰዎች ነበሩ።

ጨዋታው ገበያ ላይ በዋለ ጊዜ የደረሰበት ውግዘት በዘርፉ ታሪክ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ሰርቨሩ ይቋረጣል፤ ፍጡራኑ ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅረው ይገኛሉ፤ ተልእኮዎቹ በመካከል ይቆማሉ። የዘርፉ ሐያስያን በአማካይ ከ100 ወደ 50 ገደማ ነጥብ ሰጡት። በ60 ዶላር መሸጥ የጀመረው ጨዋታ በዚያው ወር ከ40 ዶላር በታች በየመደብሩ ይገኝ ጀመር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሰው አእምሮ የቀረው ግን የአንድ ከረጢት ነገር ነው። ኩባንያው በ200 ዶላር በሸጠው ልዩ እትም ውስጥ ከሸራ የተሠራ ከረጢት እንደሚገኝ አስተዋውቆ ነበር። ለገዢዎች የደረሳቸው ስስ የናይለን ከረጢት ሆነ። ቅሬታው ሲበረታ ለካሳ የቀረበው በጨዋታው ውስጥ ብቻ የሚያገለግል፣ ዋጋው 5 ዶላር የሚሆን ምናባዊ ገንዘብ ነበር። ቁጣው በረታ፤ ኩባንያው በመጨረሻ የሸራውን ከረጢት ለመላክ ተስማማ። ከረጢቱን ለመጠየቅ መረጃቸውን የሰጡ ደንበኞች ስምና አድራሻም በአገልግሎት ድረ ገጹ ስህተት ምክንያት ለሌሎች ደንበኞች ለጥቂት ጊዜ ተጋልጦ ተገኘ።

እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ሁለት ከረጢቶች አሉ። አንደኛው ገንዘብ የተቀበለ፣ ቃል የገባና ለማድረግ አቅም የነበረው አካል ያጎደለው ነው። ሁለተኛው ምንም ግዴታ የሌለባቸው ሰዎች በበሩ ፊት ለማያውቁት ሰው የሚተዉት ነው። ጨዋታውን ከሞት ያተረፈው ሁለተኛው ከረጢት ነው ብለው የሚያምኑ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። የኮሎምበሱ አባትም ከእነርሱ አንዱ ነው። ልጁ ግን ሌላ ጥያቄ አለው፦ ሁለተኛው ከረጢት የመጀመሪያውን ጉድለት እየሸፈነ ቢሆንስ?

ጥያቄው ከጨዋታ በላይ የሚሆነው የጨዋታው አፈጣጠር ራሱ የኢኮኖሚ ሙከራ ስለሚመስል ነው። ከዚያ በፊት የወጡት የፎልአውት ጨዋታዎች ተጫዋቹ የሚያናግራቸው፣ የሚገበያያቸውና የሚዳኛቸው ሰዎች ነበሯቸው። በዚህኛው ኩባንያው ሁሉንም አነሣቸው። በሕይወት ያለ ሰው የሚባለው ሁሉ እውነተኛ ተጫዋች እንዲሆን ተወሰነ። ከመሣሪያ፣ ከቤት መሥሪያና ከሰፊ መሬት ጋር ሰዎችን አንድ ላይ ከተዋቸው ኅብረተሰብ ከራሱ ይበቅላል የሚል ግምት ነበረ። ዳኛ የለም፤ የጋራ ጉዳይ የሚመከርበት አደባባይ የለም፤ ውል የሚያስከብር የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የበቀለው ኅብረተሰብ ሳይሆን ዝምታ ነበር። ሰዎች ባዶ ቤቶች ውስጥ እየገቡ የሙታንን የድምፅ ቅጂ እያዳመጡ ይውሉ ነበር።

የሚገርመው፣ የሙታኑ ታሪክ ጨዋታው ራሱ ያልተማረበትን ትምህርት ይናገራል። ከጥፋቱ በኋላ በተራሮቹ መካከል ልዩ ልዩ ቡድኖች ነበሩ። ሪስፖንደርስ የሚባሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ፖሊሶችና ሐኪሞች ተሰባስበው ስደተኛ ያበሉ፣ ቁስለኛ ያክሙ ነበር፤ ፍላትዉድስ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዳዲስ ሰዎችን ያሠለጥኑም ነበር። ፍሪ ስቴትስ የሚባሉት ከመንግሥት ተለይተው በራሳቸው ምሽግ የከተቱ ነበሩ። ወታደሮቹም ለብቻቸው፣ ዘራፊዎቹም ለብቻቸው። ከምድር በታች የመጣ ደዌ ሁሉንም አስጨነቀ። አንደኛው ወገን የክትባቱን ጅምር ይዟል፤ ሌላው ደዌውን አስቀድሞ የሚያሳውቅ መሣሪያ ሠርቷል፤ ሌላው ሊዋጋ የሚችል የሠለጠነ ኃይል አለው። አንዱ ከሌላው ጋር አልተነጋገረም፤ ተነጋግሮም አልተማመነም፤ ሁሉም በየተራ አለቁ። ተጫዋቹ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሥራውም በየመቃብሩ የቀሩትን የመፍትሔ ቁርጥራጮች መልቀምና ማገጣጠም ነው። አባትየው የሪስፖንደርስን ቅጂዎች ሦስት ጊዜ አዳምጧቸዋል። ሦስተኛውን ጊዜ ያዳመጠው ኅዳር 2020 ነበር፤ በዚያ ወር ዜና ማየት ትቶ ነበር።

ገንዘቡም የራሱ ትምህርት አለው። በፎልአውት ዓለም ገንዘብ ማለት የጠርሙስ ቆርኪ ነው። አባትየው መጀመሪያ ከልቡ የሳቀው በዚህ ነው፤ በልጅነቱ በሰፈሩ ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፎ የተጫወተ፣ ቆርኪ አስይዞ አሸንፎም ተሸንፎም ያደገ ሰው ነው። የጨዋታው ቆርኪ ግን ሕግ አለው። ነጋዴ ሮቦቶች ለአንድ ሰው በቀን የሚከፍሉት የተወሰነ ነው፤ ከቦታ ወደ ቦታ በፍጥነት መጓዝ ቆርኪ ያስከፍላል፤ በ2019 ተጫዋቾች የራሳቸውን ሱቅ እንዲከፍቱ ሲፈቀድም ከእያንዳንዱ ሽያጭ 10 በመቶ ይቆረጥ ጀመር። ይህ ሁሉ የገንዘቡን ብዛት ለመግታት የታሰበ ነው። አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለው ቆርኪም ጣሪያ ተበጅቶለት ነበር፤ በመጀመሪያ ጣሪያው 25 ሺህ ነበር።

ሆኖም አጭበርባሪዎች በጨዋታው ስህተት ተጠቅመው ብርቅ የሆኑ መሣሪያዎችን ማባዛት ጀመሩ። የአንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ወደቀ፤ የእውነተኛ ብርቅዬው ዕቃ ዋጋ ደግሞ ከጣሪያው በላይ ወጣ። አንድ ዕቃ ከ25 ሺህ ቆርኪ በላይ የሚያወጣ ከሆነ በቆርኪ ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ ሰዎች ወደ ዓይነት ልውውጥ ተመለሱ፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው በመካከል ቆሞ ዕቃ የሚያቀባብልበት ሥርዓትም ፈጠሩ። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በመመሪያ ተወስኖ፣ ሌላው ዋጋ በጓሮ በሚቆረጥበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀችው ሐምሌ 2024 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በኮሎምበስም ቢሆን ዶላር የሚላክበትን መንገድ የሚመርጠው ማን ይታመናል በሚለው ነበር። ጣሪያ ባለበት ሁሉ ከጣሪያው በላይ የሚደረገውን ግብይት የሚሸከመው በሰዎች መካከል ያለው እምነት ነው፤ እምነት ደግሞ የማይከፈልበት የሕዝብ ሥራ ነው።

ልጁ ጨዋታውን የተወው በ2019 መገባደጃ ነው። ጨዋታው የተገዛው ለእርሱ ነበር፤ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር፤ አባትየው ከጎኑ ተቀምጦ ሲያይ ሲያይ ነው የለመደው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ኩባንያው በወር 13 ዶላር ገደማ፣ በዓመት 100 ዶላር የሚያስከፍል የአባልነት ክፍያ አመጣ። የሚከፍል ሰው የግሉ ዓለም ይኖረዋል፤ ጥሬ ዕቃም ያለ ገደብ ያከማቻል። የማይከፍል ሰው በጠባብ ሣጥን ይቸገራል፤ ለዚህ ችግር መድኃኒት የሚሸጠውም ሣጥኑን ያጠበበው አካል ነው። ልጁ ነገሩ ገባው። መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ፣ ሌላ ጨዋታ ከፈተ። አባትየው ቀረ።

አልበርት ኸርሽማን በ1915 በርሊን ተወልዶ በ1933 አገሩን የለቀቀ ኢኮኖሚስት ነው። በ1970 ያሳተመውና ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የሚነበበው መጽሐፉ የሚያጠነጥነው በሦስት ቃላት ላይ ነው፦ መውጣት፣ ድምፅ ማሰማትና ታማኝነት። አንድ ድርጅት ወይም አገር ሲበላሽ ሰው ወይ ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ቆይቶ ይናገራል፤ ታማኝነት የሚባለው ስሜት የመጀመሪያውን ያዘገያል፣ ለሁለተኛው ጊዜ ይሰጣል። ሐሳቡ የተጸነሰው በአፍሪካ ነበር። ኸርሽማን የናይጄሪያ ባቡር ከጭነት መኪና ብርቱ ፉክክር ገጥሞት ሳለ ለምን እንደማይሻሻል ግራ ገብቶት ነበር። የደረሰበት መልስ ከተለመደው የገበያ እምነት ተቃራኒ ሆነ። መኪናው መኖሩ ባቡሩን አላነቃውም፤ ይልቁንም ለጥራት የሚቆረቆሩትን፣ ጮኸው ሊያስተካክሉት የሚችሉትን ደንበኞች ወሰደበት። ኪሳራውን መንግሥት ይሸፍን ስለነበር የደንበኛው መሄድ አላሳመመውም፤ የሚጮህበትም አልቀረ።

የባቡሩን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ አባትየው መቆየቱን ያመሰግናል። ለዚህም ምክንያት አለው። በማርች 2020 የኦሃዮ ነዋሪዎች በቤታቸው እንዲቆዩ ታዘዘ። የመጋዘን ሥራ ግን አልቆመም፤ አባትየው ሌሊት ሌሊት ይወጣ፣ ሲመለስም ቤተሰቡን እንዳይበክል ምድር ቤት ለብቻው ይተኛ ነበር። ዕድሩ መሰብሰብ አቆመ፤ ለቅሶ በስልክ ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ ኤፕሪል 14፣ ኩባንያው ዌስትላንደርስ የተባለውን ማሻሻያ አወጣ፤ ሰዎች ወደ ተራሮቹ ተመለሱ፣ የሚያናግሩና የሚመልሱ ሰዎች። ቀደም ብሎ የነበሩት ተጫዋቾች በሩ ፊት ለአዳዲሶቹ ከረጢት የመተው ልማዳቸውን ይዘው ነበር፤ ልማዱ አሁን ተስፋፋ። ማንም አላዘዘውም፤ ሽልማትም የለውም። አባትየው የመጀመሪያውን ከረጢት የተቀበለው በዚያ ጸደይ ነው። ሰጪው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ እርሱም ይሰጣል።

ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድር የተመሠረተው ቀብሩን የሚያስከብርለት ሌላ አካል በሌለው ከተሜ መካከል ነው፤ ሰው ዛሬ ድንኳን የሚተክለው ነገ ለእርሱ እንደሚተከልለት አምኖ ነው። የበሩ ከረጢት ግን ከዕድርም ይለያል፤ መዝገብ የለውም፣ ወር ተራ የለውም፣ ተቀባዩ ሰጪውን ዳግመኛ ላያገኘው ይችላል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ብድሩ ለአበዳሪው አይመለስም፤ ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለ ሕግ ለዓመታት መጽናቱ ለምርምር የሚበቃ ነገር ነው።

በኤፕሪል 2024 በፎልአውት ዓለም ላይ የተመሠረተ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ወጣ፤ ኩባንያውም በአንድ ቀን ብቻ 1 ሚሊዮን ሰዎች ፎልአውት 76ን እንደተጫወቱ አስታወቀ። ከተመለሱት አንዱ ልጁ ነበር። አሁን 18 ዓመት ሊሞላው ነው፤ በመከር ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የከረጢቱን ሥነ ሥርዓት አየ።

«አባዬ፣ ይህን ሁሉ ጥይት የት ታስቀምጠዋለህ?»

አባትየው ያለ ገደብ የሚያከማችበትን ሣጥን አሳየው። ሣጥኑ የሚገኘው በወርሃዊው ክፍያ ነው። ልጁ ዝም አለ፤ በአእምሮው እያሰላ ነበር። ከአራት ዓመት በላይ።

«እንግዲያው ስጦታ ለመስጠት ለእነርሱ ትከፍላለህ ማለት ነው።»

«ለሰዎቹ ነው የምሰጠው እንጂ።»

«አውቃለሁ። ግን ጨዋታው ለአዲስ ሰው ከባድ የሆነው እነርሱ ስላላስተካከሉት ነው። አንተ ታስተካክልላቸዋለህ፤ ደግሞ ትከፍላለህ። ቆየህ እንጂ ምን ተናገርክ? አንድ ቀን ጽፈህላቸው ታውቃለህ?»

አባትየው ጽፎ አያውቅም። የሸራውን ከረጢት ያስመለሱት የጮኹት ናቸው፤ ሰዎች ወደ ተራሮቹ እንዲመለሱ ያደረገውም በአብዛኛው የሄዱት ሰዎች ብዛትና የወጡበት ምክንያት ነው። እርሱ ግን ዝም ብሎ የቆየ ነው። ኸርሽማን ራሱ ታማኝነት ኃይል የሚኖረው ትቶ የመሄድ ዕድል ሲኖርና ሲነገር ብቻ መሆኑን አስጠንቅቋል። በ1993 ስለ ምሥራቅ ጀርመን ባሳተመው ጥናት ደግሞ የቀድሞ ሐሳቡን አሻሽሎታል፦ በ1989 በሃንጋሪ በኩል የጎረፈው ስደት የቀሩትን ወደ አደባባይ አወጣቸው፤ መውጣትና ድምፅ ማሰማት አንዳንድ ጊዜ አብረው ይሠራሉ። እንግዲህ ትቶ የሄደው ልጅ ከቆየው አባት ይልቅ ለጨዋታው መሻሻል አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል።

ክርክሩ በአንድ ሳሎን የሚቀር አይደለም። ዳያስፖራ ማለት ወጥቶ ያልወጣ፣ ሄዶ የሚከፍል ሕዝብ ነው። ጨዋታው በወጣበት በ2018 የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ተቋቁሞ እያንዳንዱ ሰው በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ተጠይቆ ነበር። ብዙዎች ሰጡ፤ አባትየውም ሰጠ። ከዚያ በፊትም በኋላም በየወሩ ለእናቱ መድኃኒት፣ ለእህቱ ልጆች ትምህርት ቤት ይልካል። እያንዳንዱ ሐዋላ በበሩ ፊት የሚጣል ከረጢት ነው፤ ክሊኒኩ ያላቀረበውን መድኃኒት፣ ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን መጽሐፍ ይተካል። ራልፍ ቻሚና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከምርታቸው አንጻር ብዙ ሐዋላ የሚቀበሉ አገሮች ደካማ የተቋማት ጥራት እንደሚታይባቸው አሳይተዋል። ያቀረቡት ምክንያት ልጁ ከተናገረው ጋር አንድ ነው፦ ቤተሰቡ ጉድለቱን በሐዋላ ሲሸፍን ባለሥልጣኑን የሚጠይቅበት ጉልበትና ፍላጎት ይቀንሳል፤ ባለሥልጣኑም ይህን ያውቃል።

ይህን ውጤት በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ሰው ሐዋላ የሚልከው ተቋም ስለደከመም ነውና መንሥኤና ውጤቱን መለየት ቀላል አይደለም። እናቲቱም ተቋሙ እስኪስተካከል መድኃኒት አቋርጣ ልትጠብቅ አትችልም። ከበሩ የወጣው ጀማሪም እንዲሁ ነው፤ ጥማቱ ዛሬ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ከረጢቱ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው አይሆንም። የሚጠየቀው ከከረጢቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ድምፅ አለ ወይ የሚለው ነው። የኮሎምበስ አባት ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ያን ቀንም አልመለሰም።

በዚያ ክረምት፣ ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት፣ ሁለቱ ጨዋታው የተመሠረተበትን ምድር ለማየት ወጡ። 23 ቁጥር አውራ ጎዳና በኮሎምበስ መካከል ያልፋል። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በዚህ መንገድና በመሰሎቹ በኩል ከአፓላቺያ ተራሮች የተነሡ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ሥራ ፍለጋ ወደ ኦሃዮ ፋብሪካዎች ፈልሰዋል። ማሽን የከሰል ማዕድን ቆፋሪውን ተክቶት ነበር። በ1950 ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበረው የዌስት ቨርጂኒያ ሕዝብ በ2020 ወደ 1.79 ሚሊዮን ወርዷል። አባትየው ከአዲስ አበባ የመጣ ስደተኛ ሆኖ የሚኖርባት ከተማ ከእርሱ በፊት የተራራ ስደተኞች ከተማም ነበረች። እነርሱም በበዓል በበዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው እየተመለሱ፣ ገንዘብ እየላኩ፣ የማይኖሩባትን አገር ሲወዱ ኖረዋል።

ሁለት ሰዓት ያህል ነድተው፣ የኦሃዮን ወንዝ ተሻግረው ፖይንት ፕለዛንት ገቡ። ልጁ በጨዋታው የሚያውቀውን የሞዝማን ሙዚየም አየ፤ ከብረት ከተሠራው ክንፋም ሐውልት ጋርም ፎቶ ተነሣ። አባትየውን ያቆመው ሌላ መታሰቢያ ነበር። ከኦሃዮ የሚያሻግረው ሲልቨር ብሪጅ በ1928 የተሠራ ድልድይ ነበር። ዲሴምበር 15 ቀን 1967 ሰው ከሥራና ከገና ገበያ በሚመለስበት ምሽት በድንገት ወንዙ ውስጥ ወደቀ፤ 46 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች የደረሱበት መንሥኤ በአንድ የብረት ማያያዣ ላይ የነበረች 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስንጥቅ ናት። ስንጥቋ የነበረችው ድልድዩ ካልተፈታ በዓይን በማይታይ ቦታ ነበር። ለ39 ዓመታት የተሻገሩበት ሰዎች ድልድዩን ያምኑት ነበር። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1968 ባወጣው ሕግ የአገሪቱ ድልድዮች በወቅቱ የሚመረመሩበት ደረጃ እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ደረጃው በ1971 ሥራ ላይ ዋለ።

አባትየው የሟቾቹን ስም እስከ መጨረሻው አነበበ። በመኪና ሲመለሱ ብዙ አልተናገረም። ቺሊኮቲን ካለፉ በኋላ፣ «የዕድሩን መዝገብ ማን እንደሚያየው ታውቃለህ?» አለ። ልጁ አያውቅም ነበር። «እኔ ብቻ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

በመስከረሙ ስብሰባ ገንዘብ ያዡ አባት አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የዕድሩን ሒሳብ ከኮሚቴው ውጪ የሆኑ ሁለት ሰዎች በየዓመቱ ይመርምሩት፤ አንደኛው እዚህ ከተወለዱት ልጆች ይሁን። አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ማን ተጠራጠረህ? እምነት አጥተን ነው እንዴ?» አሉት። «የለም አባቴ፤ ስለምታምኑኝ ነው የምጠይቀው» ሲል መለሰላቸው። ሐሳቡ ለሚቀጥለው ወር ተዛወረ፤ ከዚያም ለጥር። በጥር ለአንድ ዓመት ሙከራ ተፈቀደ። ከወጣቶቹ በኩል ፈቃደኛ ሆኖ የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለኩባንያውም ጻፈ። አንድ ገጽ ነው፤ እንግሊዝኛውን ልጁ በስልክ አረመለት። ወርሃዊ ክፍያውን ለምን እንዳቋረጠ፣ የማይከፍሉት ሰዎች ሣጥን ለምን ሊሰፋ እንደሚገባው በአራት ነጥብ አስቀምጧል። ያቋረጠው ክፍያውን እንጂ ጨዋታውን አይደለም። ሣጥኑ ስለጠበበበት አሁን የሚሰጠው ከረጢት ከቀድሞው ያነሰ ነው።

በ2025 መጨረሻ ጨዋታው በርኒንግ ስፕሪንግስ በሚል ስም ካርታውን ወደ ምዕራብ አሰፋ፤ ተጫዋቾች ወንዙን ተሻግረው ኦሃዮ ገቡ። የፈረሰው ዓለም እነርሱ ወደሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ደረሰ። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያው፣ አባትየው ከሥራ መልስ፣ በአንድ ማለዳ አብረው ሊያዩት ተቀጣጠሩ። ልጁ ቀድሞ ድንበሩ ላይ ደርሶ ጠበቀ፤ አባትየው ግን ዘገየ።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«በሩ ላይ ነኝ። አንድ ሰው ወጥቶ ግራ ገብቶታል። ጥቂት ታገሠኝ።»